ወደ ላይ የሚወድቅ ጠርሙስ

ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር ቪዲዮ እያየን ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ሰዎች እንደ ላባ ይንሳፈፋሉ። "አውሮፕላኑ እየወደቀ ስለሆነ ነው" አልኳት። ወዲያው ከውጭ የተቀረጸው ምስል መጣ። ልጄ ጣቷን ቀሰረች። "እማ፣ እየወጣ እኮ ነው!"

እውነቷን ነው። የሰጠኋት መልስ ለእኔም አልበቃኝም። ተኝታ ሳለ ማንበብ ጀመርኩ።

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ውስጥ ኖቨስፔስ የሚባል ድርጅት ለዚሁ ሥራ የሚያበረው ኤርባስ ኤ310 አለ። አውሮፕላኑ መጀመሪያ በአግድም ይበራል። ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሽቅብ ይወጣል። ያኔ ውስጥ ያለው ሰው ይከብደዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 108 ኪሎ ያህል የሆነ ይመስለዋል። ይህ 20 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። አፍንጫው ወደ 50 ዲግሪ ሲጠጋ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሱታል። አያጠፉትም። አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትተውን ያህል ብቻ እንዲገፋ ይተዉታል። ክንፎቹም አውሮፕላኑን መሸከም ያቆማሉ።

ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ አውሮፕላኑ ከተወረወረ ድንጋይ አይለይም።

የልጄ ጥያቄ መልስ እዚህ ጋ ነው። ድንጋይ ሽቅብ ስንወረውር ገና ከእጃችን ሲወጣ ስበት ይይዘዋል። በየሰከንዱ ፍጥነቱን ወደ 10 ሜትር በሰከንድ ያህል ይቀንስበታል። ለስበት ይህም መውደቅ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ሰውም አብሮ ተወርውሯል፣ ፍጥነቱም እኩል ይቀንሳል። ስለዚህ ወለሉ እግሩን አይገፋውም። ክብደት የምንለው ስሜት ደግሞ ያ የወለል ግፊት ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ክብደቱም ይጠፋል፤ እየወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ እየወረደም። በድምሩ 22 ሰከንድ። ከዚያ አውሮፕላኑ ሲቃና ያ ከባድ ስሜት ተመልሶ ይመጣል።

እነዚያን 22 ሰከንዶች ለመያዝ ሦስት ሰው ሥራውን ይካፈላል። አንዱ የአፍንጫውን መውጣትና መውረድ ይቆጣጠራል። ሌላው ክንፎቹ እንዳያዘነብሉ ይጠብቃል። ሦስተኛው የሞተሩን ጉልበት ይይዛል። በአንድ በረራ ይህን 31 ጊዜ ይደጋግሙታል። ብዙ ሰው ያስታውከዋል፣ አይገርምም።

እሁድ ጠዋት ግቢ ወጣን። የፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ጎን ላይ በመርፌ በሳሁና ውሃ ሞላሁበት። ውሃው በቀዳዳው ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ከከፍታ ለቀቅኩት፤ እየወደቀ ሳለ መፍሰሱ ቆመ። "አሁን ወደ ላይ ወርውሪው" አለች ልጄ። ወረወርኩት። እሷ በስልክ ቀረጸችው። አዘግይተን ስናየው ጠርሙሱ እየወጣም ውሃው አልፈሰሰም። አራት ጊዜ ደገምነው። ለእኔ ከቪዲዮው ይበልጥ ያስደነቀኝ ይህ ነው።

ለዓመታት ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት ጠፈር ላይ ስበት ስለሌለ ይመስለኝ ነበር። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፤ እዚያ ስበቱ ከምድር ገጹ 90 በመቶ ገደማ ነው። እነሱም እየወደቁ ነው፤ ግን በጣም ፈጣን ስለሆኑ መሬትን እየዞሩ ይወድቃሉ። አንስታይን በ1907 እ.ኤ.አ. ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው የራሱ ክብደት እንደማይሰማው አሰበ። በኋላ የሕይወቴ እጅግ አስደሳቹ ሐሳብ ብሎ ጠራው። ሁልጊዜ ለምን "አስደሳች" እንዳለው አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

ሰውነቱን ማንቀሳቀስ የማይችለው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሃውኪንግም በ2007 እ.ኤ.አ.፣ በ65 ዓመቱ፣ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ወጥቶ እንዲሁ በሚበር ቦይንግ 727 ውስጥ ተንሳፍፏል። ፎቶውን ለልጄ አሳየኋት። ፊቱ ላይ ያለውን ፈገግታ ረጅም ጊዜ አየችው።

"እኔ ስዘልስ?" አለችኝ።

"አንቺም። እግርሽ መሬት እስኪነካ ድረስ።"

ጊዜውን በስልኬ ያዝኩላት። ግማሽ ሰከንድ እንኳን አልሞላም። ደግማ ዘለለች።