ታች አሮው ሲጫኑት ሞዴል 22 የሚያትም ፕሮግራም

ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ዛሬም የሚሠራው በተርቦ ፓስካል፣ በድሮው የዶስ ፕሮግራም መጻፊያ፣ በተጻፈ ፕሮግራም ነው። እንዳስተካክለው የተሰጠኝ ብልሽት ይህ ነበር፦ ዝርዝሩ ላይ ለመውረድ ታች አሮው ሲጫኑ ፕሪንተሩ ሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ማተም ይጀምራል። የኮምፒውተር ክፍሉ «ኪቦርዱ ነው» ብሎ አዲስ አስገዛ፤ አዲሱም ያንኑ አተመ። ለግዢው ስንት ፊርማ ከሚሰበሰብ አንድ ሰው ሶርስ ኮዱን ቢከፍት ምን ነበረበት?

ዶስቦክስ (የዶስ ፕሮግራሞችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም) መጫን፣ ኮዱን ገልብጦ ኮምፓይል ማድረግ ቀላል ነው። ጣጣው ሪድኪ ላይ ነው፤ የተጫኑትን ቁልፍ የሚያነበው የተርቦ ፓስካል ፈንክሽን ነው።

ሪድኪ ለተራ ፊደል አንድ ባይት ይመልሳል። ለአሮዎቹ፣ ለሆም፣ ለዲሊት፣ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ10 ላሉት ግን መጀመሪያ 0 ይሰጥና ስካን ኮዱን (የቁልፉን መለያ ቁጥር) ለቀጣዩ ጥሪ ያቆያል፦ ላይ 72፣ ታች 80፣ ግራ 75፣ ቀኝ 77፣ ዲሊት 83፣ ኤፍ1 59። 0 ሲመጣ እዚያው ሁለተኛ ሪድኪ ያልጠራ ፕሮግራም በሚቀጥለው ዙር 80ን እንደ ፊደል ያነበዋል። 80 በአስኪ (ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ) ትልቁ «ፒ» ነው፤ በዚያ ሜኑ ላይ ደግሞ ፒ ማለት አትም ማለት ነው። ዲሊትም በዚሁ መንገድ «ኤስ» ሆኖ ይገባል። ኪቦርዱ ምን አጠፋ?

በየቦታው የተበተኑትን ሪድኪዎች አውጥቼ አንድ ፈንክሽን ብቻ አስቀረሁ። ሪድኪ ይጠራል፤ 0 ካገኘ እንደገና ይጠራና ውጤቱ ላይ 256 ደምሮ ኢንቲጀር ይመልሳል። ታች አሮው 336 ይሆናል፣ ፒ 80 እንደሆነ ይቀራል። ብዙ ምሳሌዎች ላይ የሚታየውን፣ ኮዱን በካራክተር ይዞ «ልዩ ቁልፍ ነው» የሚል ቡሊያን ከጎኑ ማስቀመጥን አልወደውም፤ ቡሊያኑን መፈተሽ የሚረሳ አንድ ኬዝ አይጠፋም። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ደግሞ ባዮስን (የኮምፒውተሩን መሠረታዊ ሶፍትዌር) በቀጥታ አትንካ፦ ሁለተኛው ባይት ያለው ሪድኪ ባለበት የተርቦ ፓስካል ክፍል፣ ሲአርቲ ዩኒት ውስጥ እንጂ ባዮስ ባፈር ውስጥ አይደለም።

ኮዱ የተርቦ ፓስካል 3 ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ የሚቀድመው 0 ሳይሆን 27 ነው፣ ኤስኬፕም 27 ነው። 27 ሲመጣ ኪፕረስድን (ያልተነበበ ቁልፍ አለ ወይ የሚለውን ፈንክሽን) ጠይቅ፤ እውነት ካለ ሁለተኛውን አንብብ፣ አለዚያ ኤስኬፕ ነው።

ኤፍ11 እና ኤፍ12ን የተርቦ ፓስካል ሪድኪ አያያቸውም፤ የድሮውን የባዮስ አገልግሎት ነው የሚጠራው። ለእነሱ በዶስ ዩኒት ኢንተራፕት $16ን፣ ኤኤች ውስጥ $10 አስገብቼ ጠራሁ (ኤኤች እና ኤኤል ባለ አንድ ባይት የፕሮሰሰር ሬጅስተሮች ናቸው)፤ ኤኤች ላይ 133 እና 134 ይመጣሉ። እዚህ ግን ሌላ ወጥመድ አለ፦ ከቁጥር ቁልፎቹ ተለይተው ለብቻቸው ያሉት አሮዎች ኤኤል ላይ 0 ሳይሆን 224 ያመጣሉ። ስለዚህ ኤኤል 0 ከሆነ፣ ወይም 224 ሆኖ ኤኤች 0 ካልሆነ፣ ልዩ ቁልፍ ነው በል። ሁለተኛውን ቅድመ ሁኔታ አትዝለለው፤ በአልት ተይዞ በቁጥር የተጻፈ 224 ኤኤች ላይ 0 ይዞ ይመጣል፣ እሱ ተራ ፊደል ነው።

ዶስቦክስ ውስጥ ስትሠራ በኤፍ2 ሴቭ ሳታደርግ ኮንትሮል ኤፍ9 እንዳትጫን። ተርቦ ፓስካል ላይ ፕሮግራሙን ያስነሳል፤ ዶስቦክስ ግን ቀድሞ ይቀበለውና ራሱን ይዘጋል፣ ኮድህንም ይዞት ይሄዳል። ከራን ሜኑ አስነሳው።