ገረባና እጣቢ፦ ከድሬ የእረፍት ጊዜ ሪፖርት

ዶርም ውስጥ ስለ አካባቢ ጥበቃ እንደልብ ይወራል። ቤት ሲገባ ግን ቤቱ ባለቤት አለው፤ የእኛ ደግሞ እናቴ ናት። እስካሁን እንዳየሁት፣ ሥራ የሚያቀልላት ልማድ ይቆያል፤ ሥራ የሚጨምርባት እኔ ወደ ግቢ ስመለስ አብሮኝ ይሄዳል። ቆሻሻን በየባልዲው መለየት የሚባለውን በዚሁ ምክንያት አልነካሁትም።

የያዝኩት ኮምፖስት ነው፤ ቆሻሻን አበስብሶ ማዳበሪያ ማድረግ ማለት ነው። ድሬ ላይ ጥሬ ዕቃ አይቸግርም። አባቴና ጓደኞቹ ከበርጫ ሲነሡ የሚተርፈው የጫት ገረባ ብቻ ፌስታል ይሞላል። ገሚሱን የጎረቤት ፍየሎች ይበሉታል፣ የቀረው ከተማውን በሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይደፋ ነበር። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በጨረሰበት ከተማ የጎርፍ መውረጃ ላይ ቆሻሻ መድፋት ምን እንደሚባል እናንተው ፍረዱ።

ገረባውን ከእንጨቱ አራግፌ፣ ቅጠሉን ከሽንኩርትና ከሐብሐብ ልጣጭ፣ ከቡና አተላም ጋር ያረጀ ጆንያ ውስጥ እከተዋለሁ። ክምር እንዲበሰብስ ናይትሮጅንም ካርቦንም ይፈልጋል። ናይትሮጅኑ ከእነሱ ነው፤ ለካርቦኑ የተቀዳደደ ካርቶንና ደረቅ ቅጠል በየመሃሉ አነጥፋለሁ። እንጨቱን እናቴ ከሰል ማያያዣ አድርጋዋለች፤ ያኔ ነው ፈቃድ ያገኘሁት።

የምናነበው ምክር ሁሉ «እንዳይረጥብ፣ እንዳይሸት» ነው። የድሬ ጣጣ ሌላ ነው፤ በዚህ ፀሐይ ክምሩ ሳይበሰብስ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ባክቴሪያው ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ ጆንያው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው፣ አፉም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። እፍኝ አውጥቼ ስጨምቀው ጠብ የሚል ነገር ከሌለ ጠምቶታል። መሃሉን በእጄ ስነካው ይሞቃል፤ የሐብሐቡ ልጣጭ ከነጭራሹ ጠፍቷል። ጫት ላይ ፀረ-ተባይ የሚረጭ ገበሬ ስላለ ግን ለቆስጣና ለሰላጣ አላደርገውም፣ ለአበባ ብቻ።

ጆንያው የሚጠጣው የልብስ እጣቢ ነው። የድሬ ውኃ ጨዋማና ኖራ የበዛበት ስለሆነ (ማንቆርቆሪያችሁን ከውስጥ እዩት፣ ነጭ ቅርፊት አለው) ሳሙና ቶሎ አረፋ አያወጣም፣ ስለዚህ ሰው ያበዛዋል። የመጀመሪያው እጣቢ፣ ኦሞ ያለበት፣ ለሽንት ቤት ይሄዳል፤ ሶዲየሙ ሲጠራቀም አፈሩን ያበላሸዋል። ለጆንያው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ። ሌላውን ማለቅለቂያ ለነገ ልብስ መዘፍዘፊያ በሳፋ እናስቀምጠዋለን። ጀሪካን መሸከም የቀነሰልኝ ይኼ ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

አባቴ መጀመሪያ «አቦ አታካብድ! ገረባም ሀብት ሆነ?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። የተቆጣችው የፍየሎቹ ባለቤት ናት፤ መኖ ቀማኸኝ አለች። እውነቷን ነው፣ ፍየል ከእኔ ጆንያ ቶሎ ይሠራል። ተስማምተናል፦ ትኩሱ ለእሷ፣ የጠወለገው ለእኔ፤ በምላሹ በጠጥ ትሰጠኛለች። በጠጡ ከገባ ወዲህ ሙቀቱ ጨምሯል።

ትምህርት ሲጀመር ማን ያጠጣዋል የሚለው ገና አልተቋጨም። ታናሽ እህቴ ካርድ ከሞላህልኝ እሺ ብላለች፤ በየሳምንቱ ነው በየወሩ የሚለው ላይ እየተደራደርን ነው።