የህንድንና የአሜሪካን የቪኒየር ገቢ ንግድ እንዴት አነጻጸርኩ

ቪኒየር ከግንድ ላይ ተልጦ የሚወጣ ስስ እንጨት ነው። ኮምፔርሳቶ የሚሠራው እሱን ደራርቦ በማጣበቅ ነው፤ የቤት ዕቃም ፊቱ ይለበጥበታል። ህንድና አሜሪካ ከውጭ የሚያስገቡት ቪኒየር ባለፉት ዓመታት እንዴት እንደተለዋወጠ ማየት ፈለግኩ።

መረጃውን የወሰድኩት ኮምትሬድ ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት ነው። የቪኒየር የጉምሩክ ኮድ 4408 ነው፤ ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ይይዛል። ግንዲላው 4403፣ ኮምፔርሳቶው 4412 ነው። ሦስቱንም አወረድኩ፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ትልቁ ራስ ምታት መጠኑ ነው። አሜሪካ በካሬ ሜትር ትመዘግባለች፤ በኪሎ ወይም በሜትር ኪዩብ የሚመዘግቡም አሉ። «ታዲያ መቀየር ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ውፍረቱ ካልታወቀ ግን አይቀየርም። አንድ ሜትር ኪዩብ እንጨት በግማሽ ሚሊሜትር ቢላጥ 2000 ካሬ ሜትር ይወጣዋል። በ3 ሚሊሜትር ከተላጠ 333 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መጠኑን ትቼ በዶላር ሄድኩ። የሁለቱንም መነሻ ዓመት 100 ብዬ ከዚያ ወዲህ ያለውን ለውጥ አሰላሁ። አለበለዚያ ትልቁ ገበያ ትንሹን ይውጠዋል።

የአሜሪካው መስመር ብዙ አያስቸግርም። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቤት ገበያው ሲንኮታኮት ቪኒየሩም አብሮ ወረደ። ቤት ካልተሠራ በርና ቁም ሳጥን የሚገዛ የለም።

የህንዱ ነው ጉድ ያለው። የህንድ ኮምፔርሳቶ ፋብሪካዎች ለፊት ልባስ ጉርጃን የሚባል እንጨት ይወዳሉ። ግንዲላው በብዛት ይመጣ የነበረው ከምያንማር ነው። ምያንማር ደግሞ ከኤፕሪል 1 ቀን 2014 ጀምሮ ግንዲላ ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። ከዚያ ወዲህ የህንድ 4408 ሽቅብ ሲል፣ ከምያንማር የሚገባው 4403 ቁልቁል ይወርዳል። ቪኒየሩን ብቻ ያየ ሰው «ህንድ የቪኒየር አምሮት ይዟታል» ብሎ ይደመድማል። ድሮም ግን እንጨቱ ይገባ ነበር፤ አሁን ተልጦ መግባቱ ነው ልዩነቱ። ጋቦንም በ2010 ያልተላጠ ግንዲላ መላክ አቁማለች፤ የእሷ ኦኩሜ እንጨትም ህንድ የሚደርሰው ቪኒየር ሆኖ ነው። ሦስቱን ኮድ ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ ይህን አላየውም ነበር።

የላኪ አገሮችንም መዝገብ አመሳከርኩ። ቁጥሮቹ እኩል ቢመጡ ነበር የምጠረጥረው። አብዛኛው አስገቢ አገር የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪውን ደምሮ ይመዘግባል፤ ላኪው ያለ እሱ ነው። ትንሽ ልዩነት ጤናማ ነው። እጥፍ ከሆነ ግን ዕቃው በሦስተኛ አገር ዞሮ፣ አለዚያም በሌላ ኮድ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ያን ዓመት ለብቻው አየዋለሁ።

የዓመት አቆጣጠርም አለ። የህንድ ንግድ ሚኒስቴር ዓመቱን ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው የሚቆጥረው። ለንጽጽሩ የሁለቱንም ወርሃዊ አሃዝ ከጃንዋሪ ጀምሬ ደመርኩ። የምያንማርን ክልከላ ለማሳየት ግን የህንድን መስመር በራሷ አቆጣጠር ሳልኩት። ክልከላው የጀመረው ልክ የበጀት ዓመቷ በሚጀምርበት ቀን ስለሆነ ስብራቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። በጃንዋሪ ከተቆጠረ የ2014 የመጀመሪያ ሦስት ወራት ግዢ እዚያው ገብቶ ያደበዝዘዋል።