ለእማዬ ጉልበት ስንል የመረጥነው የባቡር አልጋ

ኦክላንድ ያለችው እህቴ ልጇን ክርስትና ልታስነሳ ነበርና ከዴንቨር አምስት ሆነን ተነሳን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ12 ዓመት ሴት ልጃችን፣ የ5 ዓመት ወንድ ልጃችንና እማዬ። እማዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ እግሯ አብጦ ስለነበር አውሮፕላን ድጋሚ አልሳፈርም ብላለች። ሁለት ቀን መኪና ውስጥ መቀመጥም ለጉልበቷ አይሆንም። ባቡር ቀረን። ካሊፎርኒያ ዜፊር የሚባለው የአምትራክ (የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ድርጅት) ባቡር ጠዋት ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኦክላንድ አጠገብ ያለችው ኤመሪቪል ይገባል።

ክፍል መምረጡ ላይ ነው የተቸገርነው። ሩሜት የሚሉት ትንሹ ክፍል ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ወንበሮች አሉት፣ ማታ ተገጣጥመው አልጋ ይሆናሉ፣ ሌላ አልጋ ደግሞ ከላይ ይወርዳል። ቤድሩም የሚሉት ሰፋ ይላል፣ ሽንት ቤትና ሻወር በውስጡ አለው። እማዬ ሌሊት ስለምትነሳ ቤድሩሙን ልይዝላት ካርዴን አውጥቼ ነበር። ባለቤቴ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ፎቅ ላይ ነው እንዴ?» አለችኝ። ለካ ነው። ባቡሩ ባለ ሁለት ፎቅ ነው፣ እነዚህ ቤድሩሞች ያሉት ላይ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው።

ታችኛው ፎቅ ላይ ጥቂት ሩሜቶች፣ የጋራ ሽንት ቤቶችና ሻወር አሉ፣ በአንድ ፉርጎ አንድ ብቻ የሆነው ፋሚሊ ቤድሩምም እዚያው ነው። ስልክ ደውለን ፋሚሊ ቤድሩሙንና ታች ያለ አንድ ሩሜት ያዝን። ከኢንተርኔት ዝም ብሎ ከመክፈል ደውሎ የትኛው ፎቅ እንደሆነ ማረጋገጥ ይሻላል።

ፋሚሊ ቤድሩሙ የፉርጎውን ወርድ በሙሉ ስለሚይዝ በግራም በቀኝም መስኮት አለው፣ ትንሹ ልጃችን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ዋለ። ሁለት የአዋቂ፣ ሁለት የልጅ አልጋ አለው። የልጆቹ አልጋ ርዝመት ግን 1.45 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን አስቀድሜ አላየሁም። ልጄ ከዚያ በላይ ናት። ማታ ጉልበቷን አጥፋ ስትገላበጥ አይቼ ትራሷን ይዤ ወደ እማዬ ሩሜት ወሰድኳት። ላይኛው አልጋ ላይ ወጣች፣ የመያዣውን ቀበቶ አሰርንላት። እማዬ ከታች ሆና የልጅነቷን ስታጫውታት ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጅ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ቁመቱን ለኩ።

ምግብ ከመኝታው ዋጋ ጋር የተከፈለ ነው። ምግብ ቤቱ ግን ላይ ነው፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎም የሚታለፈው በላይ በኩል ብቻ ነው። ስንሳፈር ለአስተናጋጁ ነገርነውና የእማዬን ምግብ ክፍሏ ድረስ አመጣላት። ለእንዲህ ያለ ሰው ጉርሻ አትርሱ። ትልልቁን ሻንጣ ታች በሩ አጠገብ መደርደሪያው ላይ ተዉት፤ ክፍል ውስጥ የሌሊት ልብስ የያዘች አንድ ቦርሳ ትበቃለች።

ከዴንቨር ወጥተን ብዙም ሳንቆይ በ1928 የተከፈተው የሞፋት ዋሻ ውስጥ ገባን። 10 ኪሎ ሜትር ጨለማ ነው። እማዬ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ እስክንወጣ እጄን አልለቀቀችም። ከዚያ በኋላ የኮሎራዶ ወንዝ መጣ፤ ከታች ሲታይ ውሃው እዚያው እግራችን ስር ይመስላል። ቡናዋን ከፔርሙዝ እየቀዳች፣ ዳቦ ቆሎዋን እየቆረጠመች ወንዙን ስታይ ዋለች። ላይ ያለውን ባለ ትልልቅ መስኮት ፉርጎ ባለማየቷ እኔን ቆጨኝ፣ እሷ ግን አላነሳችውም።

ኤመሪቪል ስንደርስ ከክፍሏ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዳ በአንድ እርምጃ ወረደች። መመለሻውን ገና አልቆረጥንም ነበር። «የኔን እዚያው ታች ያዝልኝ» አለችኝ።