ራሴን የነቀነቅኩበት ሂሳብ

ማክሰኞ፣ ማታ

ጠረጴዛዬ ላይ ዲናሞ ተቀምጧል። በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት፤ ግራሶው ጋዜጣውን አልፎ እንጨቱ ላይ ክብ ምልክት ጥሏል። ዕቃው ጤነኛ ነው። ጤነኛ መሆኑን ያወቅኩት ግን ዛሬ ከሰዓት፣ ከመኪናዬ ተፈትቶ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት።

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ትለኝ ጀመር። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። የዳሽቦርዱ መብራት ድንግዝ ይላል፣ በቃ። ሁለት ቀን በጎረቤት ግፊት ተነሳች። በሦስተኛው ቀን ቅርብ ያገኘሁት ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፤ «እስቲ አስነሳ» አለኝ፤ አንዴ ሰማ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ዲናሞህ ሄዷል ወንድሜ፤ ባትሪውን አይሞላም» አለኝ።

ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ።

ለምን እንደነቀነቅኩ አውቃለሁ። ወንድ ልጅ መኪና ያውቃል ይባላል። እኔ ስለ ዲናሞ የማውቀው ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ኤሌክትሪክ ማመንጨቱን ብቻ ነው። ይህን በሰው ፊት ማመን ሞት መሰለኝ። «ኦሪጅናል ይግባ ወይስ ኮፒ?» ሲለኝም ነቀነቅኩ። ጥያቄው በመነቅነቅ እንደማይመለስ የገባኝ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው።

አሮጌውን ዕቃ ይዤ የመጣሁትም በራሴ ብልጠት አይደለም። ታናሽ እህቴ ስልክ ላይ ጮኻብኝ ነው። «የወጣውን ዕቃ በእጅህ ሳትይዝ እንዳትከፍል!» እሷ እንዲህ ናት። የማታውቀውን አላውቅም ለማለት አታፍርም። በዚህ ምክንያት ይሁን አይሁን እንጃ፣ መኪናዋ ከኔዋ በዕድሜ ብትበልጥም ጋራዥ የምትሄደው ከኔ ባነሰ ነው።

አዲሱ ዲናሞ ከገባ በኋላ መኪናዋ ለስምንት ቀን እንደ አዲስ ተነሳች። እኔም መካኒኩን ለሁለት ሰው አስተዋወቅኩ። (አንዱ እስካሁን አልሄደም፤ ተመስገን።) በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ተመልሼ ሄድኩ። «እንግዲያው ባትሪውም ደክሟል» አለኝ። ባትሪው ዓመት አልሞላውም። ይህን ስነግረው ትንሽ አሰበና «ካልሆነ ሞቶሪኖው ነው፤ አውርደን እንየው» አለ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ዕቃ ማለቱ ነው። አንገቴ ለመነቅነቅ ጀምሮ ነበር። ያዝኩት። «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።

ዛሬ እህቴ ወደምትሄድበት መካኒክ ሄድኩ። ሰውየው ኮፈን አልከፈተም። ቆሞ ይጠይቀኛል። ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ሞተሩ ሞቆም እምቢ ይላል? ስታስነሳ መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ ጭራሽ ይጠፋል? ከዚህ በፊት ምን ተቀየረ? ዲናሞ ስለው ምንም አላለም፤ ቅንድቡን ብቻ ከፍ አደረገ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ሲበዛብኝ «ይሄ ሰው አያውቅም እንዴ?» ብዬ ነበር። የመጀመሪያው አንዴ ሰምቶ ነው የተናገረው። ፍጥነቱን ዕውቀት አድርጌ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቴስተር አመጣ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለካ፦ 12.6 ቮልት። «ይሄ ሙሉ ነው» አለኝና ቁጥሩን እንዳየው ወደኔ አዞረው። አስነስተን ለካ፦ 14.2። «እየሞላ ነው። 14 አካባቢ ከሆነ ዲናሞው ሥራውን ይዟል።» አጠፋሁት። ቀጥሎ ያደረገውን አልረሳውም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባዶ የሞተር ብረት ላይ አደረገና «አስነሳ» አለኝ። ጠቅ፣ ጠቅ። ቴስተሩ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ።

«እዚህ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት» አለኝ። «ባትሪህ ኃይል አለው። ኃይሉ ግን ሞቶሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ተከተለ። መጨረሻው ላይ ያለው ብሎን ዝጓል፤ ገመዱን በሁለት ጣት ሲነካው ይወዛወዛል። ፈታው፣ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ መልሶ አጥብቆ አሰረው። እንደገና ለካ። ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ምናምን ላይ ወረደ። መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። ያስከፈለኝ የሥራውን ብቻ ነው፤ የተገዛ ዕቃ የለም።

ታዲያ ያ ስምንት ቀን ምን ነበር? ይህን ጠየቅኩት፤ ቀኑን ሙሉ ካወጣኋቸው ቃላት የምኮራበት ይሄ ነው። ዲናሞ ሲፈታ መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። ሲመለስ ደግሞ እንደ አዲስ ይታሰራል። በዚያ ሁሉ መጎተትና መነካካት የዛገው ጫፍም ትንሽ ተላቅቆ ለጊዜው ገጥሞ ሊሆን ይችላል አለኝ። ቀስ በቀስ ላላ። የረዳኝ ዲናሞው ሳይሆን የመካኒኩ ክንድ ነው ማለት ነው። ከመኪናዬ ኋላ የነበረውን አሮጌ ዲናሞ አውጥቼ ስሰጠው ከጀርባ ባለው ማሽን ላይ አስሮ አዞረው። መርፌዋ 14 ላይ ቆመች። ሁለታችንም ዝም አልን።

የመጀመሪያውን ሰው ሌባ አልለውም። ሳስበው ገማች ነው። ብዙ መኪና በዲናሞ ሲበላሽ አይቷል፤ የኔንም እዚያው መደበው። ችግሩ ግምቱን የሚፈትነው በኔ ገንዘብ መሆኑ ነው። አንዱ ዕቃ ካልሆነ ሌላው፣ እሱም ካልሆነ ሌላው። ከኪሴ አንጻር ከሌባ በምን ይለያል?

ኮምፒውተርም ቢሆን ከግምት አያድንም። አምና የሞተሩ መብራት በርቶ ማሽን ሰክተውበት ኮድ አወጡ፤ ፒ0171። «ሴንሰር ነው» ተባልኩ፤ ተቀየረ፤ መብራቱ በወሩ ተመለሰ። በኋላ እንደገባኝ ኮዱ የሚለው ሞተሩ ውስጥ ከነዳጁ አንጻር አየር በዝቷል ነው። አየር የምታሾልክ የተሰነጠቀች ቱቦ ልትሆን ትችላለች፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያም ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ምልክቱን ይናገራል፤ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ኮድ አይቶ ወዲያው የዕቃ ስም የሚጠራ ሰው አሁን አሁን ያስፈራኛል። ማሽኑ የሚሰካበት መሰኪያ እኮ ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ በሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል፤ አውሮፓም ተከትላለች። ከመሪው በታች ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ይታያል። ትንሿ ማንበቢያ ገበያ ላይ ስላለች ኮዱን አስቀድሞ አይቶ መሄድ ይቻላል።

ግን መጠርጠር ብቻውንም አያዋጣም። ይህንን በራሴ ነው የከፈልኩት። የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩ ውስጥ ክፍሎች ተቀናጅተው እንዲዞሩ የሚያደርገው ቀበቶ) ጊዜው ደርሶ ሲቀየር አንድ መካኒክ «የውሃ ፓምፑንም አብረን እንቀይረው» ብሎኝ ነበር። «ያዘኝ! ሊዘርፈኝ ነው» አልኩ በልቤ። እምቢ አልኩ፤ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። በዓመቱ ፓምፑ ውሃ ማንጠባጠብ ጀመረ። በኔ መኪና ፓምፑን የሚያዞረው ያው ቺንጊያ ነው፤ እሱን ለማግኘት ያ ሁሉ ብረት እንደገና መፈታት አለበት። የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው። አንዱ ጎማ ላይ ብቻ ቢያልቅም የሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየራል፤ አለዚያ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ሊስብ ይችላል። ይሄ ማታለል አይደለም። ሰውየው ምክንያቱን ቢነግረኝ፣ ወይም እኔ ብጠይቀው፣ ያኔ ይገባኝ ነበር።

እህቴ የምትጠይቃቸውን ሳስታውስ ብዙ አይደሉም። «አሳየኝ» ትላለች። «ባይቀየርስ ምን ይሆናል?» ትላለች። ሥራው ሲጀመር ደግሞ «ሌላ ነገር ካገኘህ ሳትነካ ደውልልኝ» ትልና የተስማሙበትን ወረቀት ላይ ታስጽፋለች። አሮጌውን ዕቃ እንደምትፈልግ ከመጀመሪያው ነው የምትናገረው፤ አንዳንድ ዕቃ ሲገዛ አሮጌው ለሻጩ ስለሚመለስ በኋላ ጭቅጭቅ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አይታው ትመልሳለች። «ባይቀየርስ» የምትለዋን ግን እኔም ዛሬ ሞከርኳት። ሰውየው በጎማው ክፍተት በባትሪ መብራት አጮልቆ «ሸራህ 6 ሚሊ ሜትር አለው፤ 3 ሲደርስ ና» አለኝ። ቀይር ቢለኝ እቀይር ነበር። ሊያገኘው የሚችለውን ገንዘብ ራሱ ሲመልስ ያየሁት መካኒክ እሱ ብቻ ነው።

ልወጣ ስል ከፊት ቀኝ ጎማ የሚመጣውን ጉምጉምታ ነገርኩት። ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል።

«ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ይመስላል» አለኝ። «ግን አላየሁትም። ቅዳሜ አምጣትና በክሪክ አንስተን እናዙረው።»

አንገቴ ጀመረ። አቆምኩት።

«ስታዞረው እኔም ልየው?»

ሳቀብኝ። «ጓንት ይዘህ ና» አለኝ።