ለአሥር ቀን የጠበቅኳት ውሻ

ልጄን ውሻ የነከሰው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ረፋድ ላይ፣ ከኮሚናሉ ጀርባ።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ኮሚናልን ያውቃል። የጋራ ማብሰያውና ማረጃው ቤት ነው። ለበዓል ቅርጫው እዚያ ይታረዳል። ደሙ በውሃ ይለቀቃል፣ አጥንቱና ትርፍራፊው ግን ጥግ ላይ ተከምሮ ይሰነብታል። ውሾቹም የሚመጡት ለዚያ ነው። አንዲት ቡናማ ውሻ ከገና ጀምሮ አልሄደችም። እዚያው ወለደች። የሰባት ዓመቱ ልጄ ቡችላ ላንሳ ብሎ እጁን ሲሰድ ክንዱን ነከሰችው። አራስ ነብር ስንል እሰማ ነበር፣ አራስ ውሻ ምን እንደምትሆን ያን ቀን አየሁ።

በጩኸቴ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዷ የተፈጨ ቡና ይዛ ሮጠች፣ ቁስሉ ላይ ልትነሰንስ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ "ተይ! በፍጹም!" ብላ አስቆመቻት። ክንዱን ቧንቧ ስር አድርጋ በሳሙና ታጥበው ጀመር። ደግነቱ ውሃ የመጣበት ቀን ነበር። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እንቀጠቀጣለሁ፣ እሷ ሰዓቷን ታያለች። 15 ደቂቃ ሙሉ አጠበችው። ያቺን ልጅ መቼም አልረሳትም።

ሐኪም ቤት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ወዲያው ጀመሩለት። እናቴ በልጅነቷ ስላየችው፣ በየቀኑ ሆድ ላይ ስለሚወጋው መርፌ ስታወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። የዛሬው ክንድ ላይ ነው፣ ቀኑም የተራራቀ ነው። ሐኪሙ ግን ከልጄ በላይ ስለ ውሻዋ ጠየቀኝ። "የት ናት? እንዳትገድሏት። አሥር ቀን ጠብቁ።" ስትነክሰው በሽታው በምራቋ ውስጥ ከነበረ በነዚያ ቀናት ውስጥ ታማ ትሞታለች። አሥሩን ቀን ደህና ሆና ካለፈች ግን የቀረው መርፌ ይቆማል።

ስመለስ ግቢው ውስጥ ዱላ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ሥጋ ላይ መርዝ እንነስንስ የሚልም ነበር። ጠዋት ባገኛት በእጄ አንቄ የምገድላት እኔ ነበርኩ። አሁን መሃል ገብቼ "እባካችሁ፣ በልጄ አምላክ!" እያልኩ ለመንኳቸው። ተዉልኝ።

ከዚያ በኋላ አሥር ጠዋት ወረድኩ። እንጀራ ፍርፋሪ ወረወርኩላት። ትበላለች ወይ? ውሃ ትጠጣለች ወይ? ለሀጯ ይዝረበረባል? የኋላ እግሯ ይጎተታል? ይህን ሁሉ ማየት ተማርኩ። በአራተኛው ቀን አጣኋት። ጉልበቴ ከዳኝ። ሮቶው ስር ተኝታ አገኘኋት፣ አራቱ ቡችሎች ሆዷ ላይ ተደርድረዋል። ቀና ብላ አየችኝና ጅራቷን አንዴ መሬት ላይ መታ አደረገች። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሥረኛው ቀን ደህና ሆና ነጋ። ልጄ ሦስቱን ተወግቷል፣ አራተኛው ቀረለት።

በቀጣዩ እሁድ የብሎካችን ስብሰባ ነበር። ፀሐፊዋ እኔ ነኝ። አምና በራሴ እጅ የጻፍኩት ረቂቅ ደንብ ቃለ ጉባኤው ውስጥ አለ፦ "በግቢው ውሻ ማሳደግ ክልክል ነው።" ያን ጊዜ ጥሩ ደንብ መስሎኝ ነበር። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት እማማ ተነስተው "ልጄ፣ የኔ ውሻ ማንን ነከሰ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የሳቸው በየዓመቱ ይከተባል፣ ወረቀቱንም በፌስታል ጠቅልለው ይዘውት መጥተዋል። የእኔ ደንብ የሚያስወጣው እሱን ነው። ቡናማዋን አይነካትም፣ ምክንያቱም ማንም አላሳደጋትም። ያኖራት የሁላችን አጥንት ነው።

በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ከየራሳችን ቤት ውጭ ያለውን የጋራ ይለዋል። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ኮሚናሉ። እንግዲህ ኮሚናሉ የኛ ከሆነ ጥጉ ላይ የተከመረው ቆሻሻም የኛ ነው አልኩ። ረጅም ክርክር ሆነ። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሐጂ ለሶላት ሲወርዱ ውሻ ልብሳቸውን ከነካው ተመልሰው ማጠብ እንዳለባቸው ነገሩን። ስንት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ይህን ጠይቄያቸው አላውቅም። እማማ ወዲያው "እኔ በአጭር ገመድ ይዤ እሳቸው እስኪያልፉ እቆማለሁ" አሉ። በዚያው ተጻፈ፦ ደረጃ ላይ ውሻ በአጭር ገመድ፣ ሰው ይቀድማል። ክትባት በዓመት አንዴ፣ ወረቀቱ ለኮሚቴው ይታያል። ያረደ ሰው አጥንቱን በዚያው ቀን ያስወግዳል። ይህኛው ከሁሉም በላይ አከራከረ፣ ግን አለፈ። አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚያላዝነው ውሻ ጉዳይ ገና አልተቋጨም። እኔን ጩኸቱ ሳይሆን የውሻው ብቸኝነት ነው የሚያሳዝነኝ።

ለቡናማዋ መዋጮ አሰባሰብን። የእንስሳት ሐኪሙ ግቢያችን መጥቶ እሷን ከተባት፣ ቡችሎቹ ሦስት ወር ሲሞላቸው ተመልሶ ይመጣል። ወረቀቱን ሲሞላ "የባለቤት ስም?" አለ። እርስ በርስ ተያየን። የብሎካችንን ቁጥር ጻፍ አልኩት። ስልክ ሲጠይቀኝ የራሴን ሰጠሁት።