የደሴን ፒያሳ በእግር መማር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ኮምቦልቻ ላደገ ሰው ደሴ መሄድ ማለት የሐረጎን ዳገት መውጣት ነው። ታች ሙቀቱ፣ ላይ ጉሙ። ለሥራ ብዬ ፒያሳ አካባቢ ቤት ከተከራየሁ ወዲህ፣ ትርፍ ጊዜ ባገኘሁ ቁጥር መሀል ከተማውን እየዞርኩ ካርታውን በእጄ እሥላለሁ። እናንተም የየከተማችሁን እየሣላችሁ ስለሆነ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ካርታዬ ዋናው መንገድና ግራ ቀኙ ያሉት ሱቆች ብቻ ነበሩ። ደሴ ግን የምትታወቀው ከአስፋልቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲታጠፉ ነው። በምዕራብ የጦሳ ተራራ ቆሟል፣ በሌላ ወገን አዝዋ ገደል አለ። አቅጣጫ ከጠፋኝ ጦሳን መፈለግ ይበቃኛል። ጉም ከሸፈነው ደግሞ የውሃ መውረጃውን እከተላለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ቦዩን ይዤ ስወርድ ቦርከና ወንዝ ላይ ደረስኩ። ልጅ ሆነን ኮምቦልቻ የተራጨንበት ውሃ ከዚህ እየወረደ ወደ አዋሽ እንደሚሄድ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ ካርታዬ ላይ መጀመሪያ የማሰምረው ውሃውን ነው፣ መንገዱ ቀጥሎ ይመጣል።

የኮሪደር ልማቱ ለእንደኔ ዓይነቱ እግረኛ ትልቅ ነገር ነው። ድሮ እዚህ የሚሄድ ሰው ዓይኑ መሬት ላይ ነበር፤ ጭቃው አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ባጃጁ አለ። እግረኛ መንገዱ ሲስተካከል ቀና ብሎ መሄድ ተቻለ። ቀና ሲባል ደግሞ ከሱቆቹ በላይ ያለው ይታያል። አንድ ቤት አለ፣ ምድሩ ላይ ሞባይል ይጠገንበታል። ማስታወቂያው በመብራት ያሸበረቀ ነው። ከማስታወቂያው በላይ ግን የእንጨት በረንዳ አለ። መደገፊያው በእጅ የተፈለፈለ ነው፣ ሁለት እንጨት ጎድሎታል፣ የቀረው ጠንካራ ነው። እዚያ ቆሜ ስሥል አንዲት እናት በአጠገቤ ያለውን ደረጃ እየወረዱ፣ «አብሽር ልጄ፣ ሣል፤ ነገ ላታገኘው ትችላለህ» አሉኝ።

እኔም የምሰጋው ይኼንኑ ነው። መንገድ ሲታደስ ደስ ይለኛል፣ በረንዳው አብሮ እንዳይሄድ ግን እፈልጋለሁ። ስለዚህ አሁን መንገድ ብቻ ሳይሆን በረንዳ፣ በርና መስኮትም እመዘግባለሁ።

ለዚህ ትንሽ ታሪክ ማንበብ ግድ ሆነብኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ከተማ ነበሩ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ሽማግሌ ሳገኝ «አባባ፣ ይኼ ቤት ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብዬ እጀምራለሁ። «ስንት ዓመቱ ነው?» ካልኳቸው ዝም ይላሉ፣ እንዲህ ከጠየቅኳቸው ግን ወሬው ይመጣል፤ ማን ያሠራው ነበር፣ ማን ተከራየው፣ ምን ይሸጥበት ነበር። ሞክሩት።

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍ፣ ያለበት ላይ ወጥቼ ከተማዋን ቁልቁል ማየቱም ጠቅሞኛል። ከታች የተምታታብኝ ቅያስ ከላይ ሲታይ ይፈታል። የልጃቸው፣ የእቴጌ መነን እናት የወይዘሮ ስህን ስም ያለበትን ትምህርት ቤትም ካርታዬ ላይ እንደ ምልክት ይዣለሁ፤ የትኛውም ደሴዬ መንገድ ሲጠቁም እሱን ስለሚጠራ።

ሰዓትም ለውጥ አለው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሱቅ ሳይከፈትና ዕቃ ሳይሰቀል፣ የቤቶቹ ፊት ሙሉ በሙሉ ይታያል። ርቀትን በእርምጃ መለካት ግን እዚህ አያዋጣም። ሽቅብ ላይ እርምጃ ያጥራል፣ ቁልቁል ይረዝማል፤ ያው ቅያስ ሲወጡና ሲወርዱ ሁለት ልክ ይሰጣል። አሁን ሁሉንም በመውጣት ብቻ ነው የምለካው።

ቀጥሎ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስዱትን ቅያሶች እይዛለሁ። ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ፦ ዳገትን በእርሳስ እንዴት ታሳያላችሁ? እኔ መስመር በማጠጋጋት እየሞከርኩ ነው፣ ቅያሱ ሲበዛ ግን ይጨማለቃል። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ንገሩኝ።